ዛሬም ያገለግላል ወይ? የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪነት የመቶ ዓመት ቅኝት

በ1980ዎቹ ወደ አሜሪካ ከገቡት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። አንዳንዶቹ ዘንድ ያለው ግሪን ካርድ ግን ያው የመጀመሪያው ነው፤ የወጣትነት ፎቶግራፍ፣ የጣት አሻራና ፊርማ አለበት፣ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ግን አልተጻፈበትም። ሥራ ሲቀየር፣ ጡረታ ሲጠየቅ፣ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ጥያቄው ይነሳል፦ ይህ ካርድ ዛሬም ያገለግላል ወይ? ለብዙ ዓመት ውጭ ቆይቶ ካርዱን ከመሳቢያ ያወጣ ሰው ደግሞ ከዚያ የባሰውን ይጠይቃል፦ መብቱ ራሱ አለ ወይ?

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አይደሉም፤ ለምን እንደተለያዩ ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የነዋሪነት መብትና መብቱን የሚያሳየው ወረቀት አብረው አልተወለዱም፣ አብረውም አያረጁም። መንግሥት የመብቱን ማስረጃ በየዘመኑ የፈለገው በተለያየ ቦታ ነው፤ በመጀመሪያ በወደብ መዝገብ፣ ቀጥሎ በካርዱ ላይ፣ ከዚያ በነዋሪው አኗኗር፣ በመጨረሻም በራሱ ፋይል ውስጥ። የቆየ ነዋሪነቱን የሚያጣራ ሰው ሳያውቀው እነዚህን ዘመናት አንድ በአንድ ይፈትሻል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፌዴራሉ መንግሥት የስደተኞችን ቁጥጥር ሙሉ በሙሉ የተረከበው በ1891 ሕግ ነው። በጃንዋሪ 1892 የኤሊስ ደሴት ጣቢያ ሲከፈት፣ ምርመራውን አልፎ ወደ ኒውዮርክ የሚሻገረው ሰው በእጁ የሚይዘው የነዋሪነት ካርድ አልነበረም። የመግባቱ ማስረጃ መርከቡ ባስረከበው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ የሰፈረው ስሙ ነበር። የ1906 የዜግነት ሕግ ይህን መዝገብ ወሳኝ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ የገባ ሰው ዜግነት ሲጠይቅ አገባቡ ከመዝገብ ተፈልጎ እንዲረጋገጥ አዘዘ። የዓመታት መርዘምም በዚያ ዘመን ለነዋሪው ይሠራለት ነበር። በ1891 ሕግ ያለአግባብ የገባን ሰው መመለስ የሚቻለው በአንድ ዓመት ውስጥ ነበር፤ የ1917 ሕግ ገደቡን ለአብዛኞቹ ምክንያቶች ወደ 5 ዓመት አሳደገው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ መንግሥት ሊያነሳው የሚችለው ጥያቄ ጥቂት ነበር።

ዋናው መታጠፊያ 1924 ነው። የዚያ ዓመት የኮታ ሕግ ስደተኛው ገና ከአገሩ ሳይነሳ ከቆንስላ ቪዛ እንዲይዝ አስገደደ፤ ያለ ቪዛ የገባን ሰው ለማስወጣት የነበረውን የጊዜ ገደብ አነሳ፤ ለጊዜው ወጥቶ ለሚመለስ ነዋሪም የመመለሻ ፈቃድ አስተዋወቀ። ዛሬ ኢትዮጵያ ቆይተው መመለስ የሚያስቡ ሰዎች "ሪ ኢንትሪ ፐርሚት" የሚሉት ሰነድ የዚያ ሕግ ልጅ ነው። ይሁንና ከ1924 በፊት የገቡ፣ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የማይገኝ እጅግ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ኮንግረስ በ1929 መፍትሔ አበጀላቸው፤ ከጁን 3 ቀን 1921 በፊት ገብቶ መኖሩንና መልካም ጠባዩን ያስረዳ ሰው አዲስ መዝገብ እንዲከፈትለት ፈቀደ። ይህ የመመዝገቢያ ሕግ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ቀኑ በየጊዜው ወደፊት ሲገፋ ቆይቶ በ1986 ጃንዋሪ 1 ቀን 1972 ላይ ከቆመ ወዲህ ግን ንቅንቅ አላለም። የዓመታት መርዘም መብት የሚያስገኝበት ይህ በር እንዲህ በአንድ ቀን ላይ ተቸንክሮ መቅረቱ ከሕጉ እንግዳ ገጽታዎች አንዱ ነው።

እስከዚህ ያለው ሲጠቃለል፣ ነዋሪነት የመዝገብ ጉዳይ ነበር፤ ማስረጃው በመንግሥት እጅ እንጂ በሰውዬው ኪስ አልነበረም። ማስረጃውን ወደ ኪስ ያወረደው ጦርነት ነው። በ1940፣ አውሮፓ በእሳት ላይ ሳለች፣ ኮንግረስ 14 ዓመት የሞላው የውጭ ዜጋ ሁሉ አሻራ ሰጥቶ እንዲመዘገብ አዘዘ። ምዝገባው የተካሄደው በየፖስታ ቤቱ ነበር፤ 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተመዘገቡ፤ ለእያንዳንዳቸው ቁጥርና ደረሰኝ ካርድ ተላከላቸው። ያ ካርድ ባለቤቱ መመዝገቡን እንጂ በሕጋዊ መንገድ መግባቱን አይመሰክርም ነበር። ቁጥሩ ግን ዘለቄታ ነበረው። ዛሬ በእያንዳንዱ ግሪን ካርድ ላይ የሚታየው "ኤ ነምበር" የመጣው ከዚያ ነው፤ ከ1944 ጀምሮም በዚያ ቁጥር ሥር የአንድ ሰው ወረቀት ሁሉ በአንድ ፋይል ይሰበሰብ ጀመር።

ከጦርነቱ በኋላ ካርዱ ትርጉም አገኘ። በሕግ ለቋሚ ነዋሪነት የገባ ሰው አይ-151 የሚባል አረንጓዴ ካርድ ይሰጠው ጀመር። የ1950 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሕግ አሮጌው ደረሰኝ በአዲሱ እንዲተካ ባደረገ ጊዜ አዲሱን ማግኘት የሚችለው አገባቡ ሕጋዊ መሆኑን ያስረዳ ብቻ ሆነ፤ ካርዱም ከደረሰኝነት ወደ መብት ምልክትነት ከፍ አለ። የ1952 ሕግ ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ካርዱን ከኪሱ እንዳይለይ ግዴታ አደረገበት፤ ግዴታው አልተሻረም። ካርዱ ራሱ አስመሳዮችን ለመቅደም መልኩን ደጋግሞ ቀየረ። ከ1964 ጀምሮ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ እስከ 2010 በሌላ በሌላ ቀለም ሲታተም ቢቆይም ሕዝቡ ስሙን አልቀየረለትም።

በዚህ ዘመን መንግሥት ነዋሪውን የሚከታተልበት ሌላ ዘዴም ነበረው። በ1950 በተጣለው ግዴታ መሠረት የውጭ ዜጋ የሆነ ሁሉ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ አድራሻውን በቅጽ ሞልቶ ያሳውቅ ነበር። ይህ ዓመታዊ ሪፖርት በ1981 ቀረ። በ1977 ማሽን የሚያነበው አይ-551 ካርድ መታተም ጀምሮ ነበር፤ የማብቂያ ቀን ግን አልነበረውም። ስለዚህ ከ1981 እስከ 1989 ባሉት ዓመታት ነዋሪነት ያገኘ ሰው ቤት እስካልቀየረ ወይም እስካልወጣ ድረስ ከመንግሥት ጋር የሚያገናኘው አንዳች የጊዜ ቀጠሮ አልነበረውም። በእኔ ግምት በ1989 አዲሶቹ ካርዶች በየ10 ዓመቱ እንዲታደሱ የተወሰነው ይህንኑ ክፍተት ለመድፈን ጭምር ነው፤ የዓመቱን ቅጽ ቦታ የ10 ዓመቱ እድሳት ያዘ።

አሮጌው አይ-151 ስንብት የተደረገለት ማርች 20 ቀን 1996 ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለሥራም ለጉዞም አያገለግልም ተባለ። ይህ ቀን ለጥያቄያችን ትልቅ ትምህርት አለው፤ ካርዱን ያልለወጠ ሰው በማግሥቱ መታወቂያ አልባ ሆነ እንጂ ነዋሪነቱን አላጣም። ሕጉ ለሁሉም ካርድ እንዲሁ ይላል። የ10 ዓመት ካርድ ቀኑ ሲያልፍ የሚያልፈው ወረቀቱ ነው። (በ1986 ሕግ በትዳር ምክንያት የሚሰጠው የ2 ዓመት ሁኔታዊ ነዋሪነት ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ባለቤቱ በጊዜው ካላመለከተ የሚያልፈው መብቱ ነው።) ከ1977 እስከ 1989 የተሰጡት የማብቂያ ቀን የሌላቸው ካርዶችስ? በ2007 የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ የ120 ቀን ጊዜ ሰጥቶ ሊያስለውጣቸው ረቂቅ አቀረበ፤ ረቂቁ ደንብ ሳይሆን ቀረ። ካርዶቹ ዛሬም ይሠራሉ፤ ቀጣሪም አልቀበልም ማለት አይችልም። መንግሥት ግን እንዲለወጡ ይመክራል፤ ከ40 ዓመት በፊት በተነሱት ፎቶግራፍ አየር ማረፊያ ላይ ማንነትን ማስረዳት እንዴት እንደሚያስቸግር ለሞከረው አይነገርም።

የኢትዮጵያውያን ታሪክ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ከ1974 በፊት ወደ አሜሪካ የሚሄደው በአብዛኛው ተማሪ ነበር፤ ተምሮ መመለስ ደንብ ነበር። አብዮቱ፣ ቀይ ሽብርና ጦርነቱ መመለሻውን ዘጉ። በሱዳን በኩል፣ በከሰላና በገዳሪፍ አድርጎ ካርቱም ለደረሰው ስደተኛ በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በር ከፈተለት፤ ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላም ለቋሚ ነዋሪነት ያመለክታል። ያ ትውልድ ካርዱን የተቀበለው በትክክል የማብቂያ ቀን ባልነበረበት ዘመን ነው። ከ1990ው ሕግ ወዲህ በዲቪ የመጡት ደግሞ የ10 ዓመቱን ካርድ የተቀበሉ ናቸው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚገናኙት ሁለቱ ትውልዶች ስለ "ማደስ" ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ የማይግባቡት የያዙት ካርድ የሁለት ዘመን ስለሆነ ነው።

ለምን ያን ያህል ዓመት ዜግነት ሳይወስዱ ቆዩ? መልሱ በከፊል በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ አለ። በ1930 የወጣው የዜግነት ሕግ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያሳጣው ነበር፤ የ2003ቱ አዋጅም ጥምር ዜግነትን አልተቀበለም። እመለሳለሁ ብሎ ሻንጣውን በልቡ ሳይፈታ ለኖረ ሰው ግሪን ካርድ የሁለት ዓለም መካከለኛ ማረፊያ ነበር። በ2002 የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱ፣ ምርጫውን አቀለለ፤ ለአንዳንዶች ግን ልማዱ ቀድሞ ጸንቶ ነበር።

እስካሁን የተከተልነው የወረቀቱን ታሪክ ነው። ጎን ለጎን የተጓዘው ሁለተኛው ታሪክ፣ የአኗኗሩ ታሪክ፣ ከዚህ ይበልጥ ከባድ መዘዝ አለው፤ መብቱን የሚያሳጣው እሱ ነውና።

ቋሚ ነዋሪ ማለት የሚኖር ማለት ነው፤ ወጥቶ የቀረ ሰው መብቱን "ትቷል" ይባላል። መቼ ነው ተወ የሚባለው? የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀደምት ምላሽ ለነዋሪው የሚያዝን ነበር። በ1963 በፍሉቲ ጉዳይ፣ ለጥቂት ሰዓት ወደ ሜክሲኮ ተሻግሮ የተመለሰ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነዋሪ፣ እንዲህ ያለች አጭርና ንጹሕ ጉዞ እንደ አዲስ ገቢ ልታስቆጥረው አይገባም ተባለ። በ1974 ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ ሜክሲኮ ወይም ካናዳ እያደሩ በየቀኑ አሜሪካ ለሥራ የሚገቡ ሰዎች በቋሚ ነዋሪነት የሚታዩበትን የቆየ አሠራር አጸና። በተቃራኒው የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ በ1975 በኬን፣ በ1988 በሁዋንግ ጉዳይ መለኪያውን አጠበቀ፤ ሰውዬው የወጣው "ለጊዜያዊ ጉብኝት" ነው ወይ? የጉዞው ዓላማ ምን ነበር፣ ማብቂያውስ ይታወቅ ነበር? ቤቱ፣ ቤተሰቡ፣ ሥራው የት ነው? ግብር የሚከፍለው እንደ ነዋሪ ነው? እመለሳለሁ የሚል ምኞት ብቻውን አይበቃም።

የ1996 ሕግ በዚህ ላይ አኃዝ ጨመረ። ከ180 ቀን በላይ በተከታታይ የቀረ ነዋሪ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረመር ይችላል። ከዚያ ቀድሞ በነበረው ደንብም ካርዱ ለመግቢያ የሚያገለግለው ከአንድ ዓመት ላነሰ ቆይታ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚቆይ እስከ 2 ዓመት የሚያገለግለው የመመለሻ ፈቃድ አለ፤ እሱንም ሳይዝ የቀረ፣ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት መታገዱን ካስረዳ፣ ከኤምባሲ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ይጠይቃል። ከእነዚህ ቁጥሮች በዳያስፖራው መካከል አንድ ወግ ተፈጠረ፦ "በየስድስት ወሩ ብቅ ካልክ ካርዱ አይሞትም።" በልጆቻቸው በኩል ነዋሪነት ያገኙ፣ ልባቸውም ቤታቸውም አዲስ አበባ የሆነ እናቶችና አባቶች በዚህ ወግ ተመርተው ለዓመታት ይመላለሳሉ። ወጉ ስህተት ነው። ስድስት ወር የምርመራው መነሻ ነው እንጂ የመብቱ ዋስትና አይደለም፤ የኬን ጉዳይ የተወሰነውም አብዛኛውን ዓመት ውጭ እያሳለፈ ለአጭር ጊዜ በሚመጣ ሰው ላይ ነው። በሌላ በኩል ከዓመት በላይ የቀረ ሰው ሁሉ መብቱ በራሱ ጊዜ ይተናል ማለትም አይደለም። ነዋሪነት በሕግ የሚያበቃው ባለቤቱ ሲተወው ወይም የመጨረሻ የማስወጣት ውሳኔ ሲሰጥበት ነው። አየር ማረፊያ ላይ ያለ መኮንን የመተዊያውን ቅጽ እንዲፈረም ሊያቀርብ ይችላል፤ አልፈርምም ያለ ነዋሪ ጉዳዩን ለኢሚግሬሽን ዳኛ የማቅረብ መብት አለው፤ እዚያም የማስረዳቱ ሸክም በጠንካራ መለኪያ የመንግሥት ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ ሽማግሌዎች ይህን ሳያውቁ ፈርመው የተመለሱበት ጊዜ ጥቂት አይመስለኝም።

ያው 1996 ሌላም በር ከፍቷል። በዚያ ዓመት የወጡት ሁለት ሕጎች ነዋሪን የሚያስወጡ ወንጀሎችን ዝርዝር አሰፉ፣ የዳኛን ምሕረት አጠበቡ፣ አንዳንዱንም ወደ ኋላ ሄዶ እንዲሠራ አደረጉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 በሴንት ሲር ጉዳይ፣ በ2012 ደግሞ ከ1996 በፊት ጥፋተኝነቱን አምኖ በኋላ ለአጭር ጊዜ ግሪክ ደርሶ ሲመለስ በተያዘው በቫርቴላስ ጉዳይ፣ ሕጉ በአሮጌ ጥፋት ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ገደብ አበጀ። ቢሆንም የቆየ የወንጀል መዝገብ ያለበት ሰው ካርድ ሊያድስ አሻራ ሲሰጥ የሚነቃው ይኸው ነው፤ ለመልኩ ሲል ካርዱን ሊለውጥ የሄደ ሰው ክስ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ለማነጻጸር ያህል አንዴ ወደ ብሪታንያ እንሻገር። እዚያ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ከ1948 ጀምሮ፣ ኢምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ቲልበሪ ከደረሰች ወዲህ፣ ከካሪቢያን የመጡ ሰዎች እንደ ተገዢ እንጂ እንደ እንግዳ አልገቡም። የ1971 የኢሚግሬሽን ሕግ በ1973 ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ ሰፍረው የነበሩት መብታቸው ጸና፤ ወረቀት ግን አልተሰጣቸውም። ከአርባ ዓመት በኋላ ማስረጃ አምጡ ሲባሉ የሚያሳዩት አጡ፤ የብዙዎቹ የመግቢያ ካርዶች በ2010 በመንግሥት ተወግደው ነበር። ሥራ፣ ሕክምናና ቤት የተነፈጉ፣ የታሰሩና የተባረሩም ነበሩ። በኤፕሪል 2018 ጉዳዩ አምበር ራድን ከአገር ውስጥ ሚኒስትርነት አስነሳ። በብሪታንያ ላልተወሰነ ጊዜ የተሰጠ የመኖሪያ ፈቃድ በደንቡ ከ2 ዓመት በላይ በተከታታይ የቀረ ሰው ላይ ይሻራል፤ አሁን ደግሞ የፕላስቲኩ ካርድ ቀርቶ ማስረጃው ወደ ዲጂታል ተዛውሯል። በአሮጌ ፓስፖርት ላይ ማኅተም ብቻ ያላቸው፣ የደርግን ዘመን ሸሽተው ለንደን የገቡ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ መብታቸው ባይጠፋም ወደ አዲሱ መዝገብ ለመሻገር ማመልከት ይጠበቅባቸዋል።

የዊንድረሽ ታሪክ የአሜሪካውን አራተኛ ዘመን፣ የፋይሉን ዘመን፣ ያጎላዋል። አሮጌው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በማርች 2003 ፈርሶ ሥራው ለሦስት ሲከፈል ወረቀቱ አልጠፋም። በሚዙሪ፣ ሊስ ሰሚት በምትባል ከተማ፣ በኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ በተሠራ የመዛግብት ማዕከል፣ ከፍተኛ ብዛት ያለው የኤ ፋይል ተደርድሯል፤ ባለቤቱ ከተወለደ 100 ዓመት ሲሞላ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይሄዳል። መንጃ ፈቃድ የሚሰጥ ወይም ድጎማ የሚከፍል መሥሪያ ቤት የነዋሪን መብት ሲያጣራ በኤ ነምበር ኮምፒዩተር ውስጥ ይፈልጋል፤ ያልተገኘ እንደሆነ ወደ ወረቀቱ ይኬዳል። የድሮ ካርዶች ቁጥር ባለ 7 ወይም ባለ 8 አኃዝ ስለሆነ ከፊቱ ዜሮ ተጨምሮ 9 ይሞላል፤ ይህች ትንሽ ነገር ሳትታወቅ ቀርታ "ስምህ የለም" የተባለ ሰው አይጠፋም።

በዚሁ ቁጥር ነዋሪው ራሱ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱን መዝገብ መጠየቅ ይችላል። አድራሻ ቀይሮ ጥሪው ያልደረሰው ሰው በሌለበት ተወስኖበት እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። በ1966 በወጣው የመረጃ ነጻነት ሕግ ደግሞ የራሱን ኤ ፋይል ቅጂ ማስወጣት ይችላል። ይህ ምክር የመጨረሻ ደረጃ ላይ ላለ ሰው፣ ማለትም ከስንት ዓመት በኋላ ዜግነት ሊጠይቅ ለወሰነ ሰው፣ ይበልጥ ይሠራል። የካርድ እድሳት ያመለከተ ሰው ደረሰኙ የካርዱን አገልግሎት ለ36 ወር ያራዝምለታል፣ ከዚያ የዘለለ ጥያቄም ብዙ ጊዜ አይገጥመውም። የዜግነት ማመልከቻ ግን ፋይሉን ከመጀመሪያው ገጽ ይከፍተዋል፤ ሕጉ ነዋሪነቱ ሲሰጥ በአግባቡ መሰጠቱ እንዲረጋገጥ ያዛል። አገር ውስጥ በተደረገ ማመልከቻ የተሰጠን ነዋሪነት በመሻሪያ ሂደት ለመሰረዝ መንግሥት የ5 ዓመት ገደብ አለበት፣ ዜግነትን ለመከልከል ግን ይህ ገደብ አያግደውም። ካርቱም ላይ በአስተርጓሚ የተሞላ ቅጽ፣ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር በግምት የተለወጠ የልደት ቀን፣ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም የተጻፈበት ማመልከቻ፣ ያልተጠቀሰ የጋብቻ ወይም የልጅ ስም፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ልምድ ያላቸው ጠበቆች የዜግነቱን ቅጽ ከመሙላታቸው በፊት የፋይሉን ቅጂ የሚያስወጡት፣ ዛሬ የሚጻፈው መልስ ያኔ ከተጻፈው ጋር የሚለያይበት ቦታ ካለ መርማሪው ሳይጠይቅ ቀድመው ለማስረዳት ነው።